583 የሚል ቀለበትና 1780 የሚል ጠገራ ብር፦ ቁጥሮቹ የሚነግሩን ምንድን ነው?

ጠያቂ፦ የበኩር ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። አባታችን ካረፉ በኋላ ከሣጥናቸው ስላገኘናቸው ሁለት ዕቃዎች የምታውቁ እንድትረዱኝ እጠይቃለሁ። አንደኛው በ1970ዎቹ በሶቪየት ኅብረት ከተማ በኦዴሳ ሲማሩ ገዝተውት የመጡት ቀለበት ሲሆን፣ በውስጥ በኩል ባለአምስት ጫፍ ኮከብ፣ በኮከቡ መካከል ማጭድና መዶሻ፣ ከጎኑም 583 የሚል ቁጥር በአጉሊ መነጽር ይታያል። ያሳየሁት ወርቅ ሠሪ ግን ትክክለኛው ማኅተም 585 መሆኑን፣ የቀለበቱም መቅላት መዳብነቱን እንደሚያሳይ ነግሮ አስመስሎ የተሠራ ነው አለኝ። ሁለተኛው ከአያታችን የወረሱት፣ በአንገት እንዲንጠለጠል ጆሮ የተበየደበት ጠገራ ብር ነው። 1780 የሚል ዓመት አለው፤ ከሴትዮዋ ምስል ሥር ደግሞ ኤስ እና ኤፍ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ይነበባሉ። ዕድሜው በእርግጥ ያን ያህል ነው ብዬ ልመን? የመሸጥ ሐሳብ የለንም፤ ከእኅት ወንድሞቼ ጋር ስንካፈል ምን እንደምንካፈል ማወቅ ፈልገን ነው።

መልስ፦ ሚዛን

ነፍስ ይማር። ወርቅ ሠሪው የተሳሳተው በክፋት አይመስለኝም፤ ዛሬ ገበያ ላይ የሚያየው 585፣ 750፣ 875 ወይም 916 ስለሆነ 583 እንግዳ ቢሆንበት አይፈረድበትም። ነገር ግን ሒሳቡን እንመልከተው። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ስለሆነ፣ 14 ካራት ማለት ከሃያ አራት እጅ አሥራ አራቱ ወርቅ ነው ማለት ነው፤ 14ን ለ24 ሲያካፍሉት ከሺህ 583 ነጥብ 3 ይመጣል። ስለዚህ 583 የጻፈው ሒሳቡን እንዳለ ጻፈው፣ 585 የጻፈው ደግሞ ጥቂት ከፍ አደረገው እንጂ አንዱ እውነተኛ ሌላው ሐሰተኛ አይደለም።

ሩሲያውያን ቀደም ሲል ንጥርነትን የሚለኩት ከ96 እጅ ነበርና የዚያ ዘመን ወርቃቸው 56 የሚል ቁጥር ይታተምበት ነበር፤ 56ን ለ96 ቢያካፍሉት ያው 583 ይሆናል። በሶቪየት ዘመን ወደ ሺህ አቆጣጠር ሲዛወሩ ቁጥሩ ተለወጠ እንጂ ወርቁ አልተለወጠም። ማጭድና መዶሻ ያለበት ኮከብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1958 ጀምሮ የሶቪየት መንግሥት ማኅተም ነበር፤ ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ ሩሲያ 585ንና የሴት ራስ ያለበትን ማኅተም ወሰደች። የእርስዎ ቀለበት ከኮከቡ ጋር 585 ቢል ኖሮ እኔ ይበልጥ እጠራጠር ነበር። ቀይ መሆኑም አያስደንቅም፤ በዚያ ወርቅ ውስጥ ከመቶ ሠላሳ ሦስት ያህሉ መዳብ፣ ስምንት ያህሉ ብር ነው።

ማኅተም ግን ቃል ነው፤ ቃልም ሊዋሽ ይችላል። ሌላ ባለሙያ ዘንድ ወርቅ በሚፈተንበት ጥቁር ድንጋይ ላይ አሽተው በአሲድ ያስፈትኑት። በማግኔት መሞከር ብዙ አይጠቅምም፤ ወርቅን እንደማይስበው ሁሉ ነሐስንም አይስበውም።

መልስ፦ አሮጌ ሳንቲም

በጠገራው ላይ ያለው 1780 የተሠራበት ዓመት ላይሆን ይችላል። ምስሏ የሚታየው የኦስትሪያ ገዢ ማርያ ቴሬዛ የሞተችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ኅዳር ነው፤ ሳንቲሙ ግን በእኛም አገር፣ በዓረቡም ዓለም ከዚያ ውጭ አልቀበልም የሚል ነጋዴ ስለበዛ ዓመቱ እንደቆመ መመታቱን ቀጠለ። ቪየና ብቻ ሳትሆን በዚያው አቆጣጠር ከ1935 ጀምሮ ሮም፣ በኋላም ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይ መትተውታል። (የሮም ምክንያት ለእኛ ግልጽ ነው፤ ሙሶሊኒ ጦሩን ሲያዘምት የአገሩ ሰው የሚቀበለው ገንዘብ ያስፈልገው ነበር።) ኤስ እና ኤፍ በጀርመን ከተማ በጉንዝቡርግ የገንዘብ መምቻ ቤት የነበሩ የሁለት ሹማምንት የስም መነሻዎች ናቸው፤ ሆኖም በኋላ የመቱትም ሁሉ እንዳሉ ስለገለበጧቸው ጉንዝቡርግ መመታቱን አያረጋግጡም። ከዓመቱ ቀጥሎ ያለውን መስቀለኛ ምልክት የሮማውያን አሥር ቁጥር ብለው እንዳያነቡት፤ የቡርጉንዲ መስቀል ነው። የት እንደተመታ የሚለዩ ሰዎች የሚያዩት የንስሩን የጅራት ላባ፣ የዘውዱንና የትከሻ ጌጡን ዕንቁዎች ነው። የእኛ ሽማግሌዎችም ዕንቁዎቹን ቆጥረው ካልሆነ አይቀበሉም ነበር፤ ያን ጊዜ ግትርነት ይመስል የነበረው ምርመራ ነበር ማለት ነው።

እርስዎ ግን ከዚያ በፊት ክብደቱንና ጠርዙን ይዩ። ሙሉው 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከሺህ 833ቱ ብር ነው። በጠርዙ ዙሪያ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል የላቲን ጽሑፍ ከፍ ብሎ ተቀርጿል፤ በሻጋታ ፈሶ የተሠራ ሐሰተኛ ይህን ጽሑፍ ጥርት አድርጎ ማውጣት ይቸግረዋል።

ጠያቂ፦ የበኩር ልጅ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጠገራው ከነጆሮው 28.9 ግራም መዘነ፤ የጠርዙ ጽሑፍ ብየዳው ካረፈበት ቦታ በስተቀር ይነበባል። ጆሮውን ላስነቅለው? ከዚያው ሣጥን ደግሞ ያው ኮከብ ያለባቸው፣ 875 የሚሉ ስድስት ቢጫ ማንኪያዎች አሉ። 875 ሃያ አንድ ካራት መሆኑን ዱባይ ያለችው እኅቴ ነግራኛለች፤ እናታችንም «የወርቅ ማንኪያዎቼ» እያለች ነው የምትጠራቸው።

መልስ፦ ሚዛን

ጆሮውን አይንኩት፤ ትርፉ ክብደት የጆሮውና የብየዳው ነው፣ ቢነቀል ጠባሳው ይቀራል እንጂ ሳንቲሙ እንደ ቀድሞው አይሆንም። በማጽጃም አይፈትጉት።

እኅትዎ ያሉት ለባሕረ ሰላጤው ወርቅ ትክክል ነው። በሶቪየት ማንኪያ ላይ ግን 875 የብር ንጥርነት ነው፤ ብዙዎቹ በላያቸው የወርቅ ቅብ ነበራቸው። በጀርባው፣ አፍ በሚነካው ጫፍ ላይ ቢጫው ሳስቶ ነጩ ብቅ ብሎ እንደሆነ ይመልከቱ። ለእናትዎ መንገር አለመንገሩን ለእርስዎ እተወዋለሁ።