የ2007 ጎልፍ ጂቲአይ፦ ዲኤስጂውን ልግዛ ወይስ ማኑዋሉን?

የኤንትሬ ልጅ (አዳማ)

ሰላም ቤተሰብ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። አሰብ መስመር ላይ ፊያት 682 ኤን 3 ነድቷል፣ ሰው ሁሉ «ኤንትሬ» የሚላትን። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጋቢና ውስጥ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። ማርሽ ሲቀንስ ፍሪሲዮን ሁለቴ ይረግጣል። አንዴ ማርሹን ለማውጣት፣ አንዴ ለማስገባት። በመሃል ነዳጅ ይሰጣታል። «ጆሮህን ስጣት፣ መቼ እንደምትቀበል ራሷ ትነግርሃለች» ይለኝ ነበር። እኔ ማርሽን ከእጄ በፊት ያወቅኩት በጆሮዬ ነው።

አሁን ግን ስምንት ዓመት ሙሉ የነዳሁት አውቶማቲክ ቪትዝ ነው። ቪትዟን አላማትም። ልጆቼን ትምህርት ቤት አመላልሳልኛለች፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ አላስቀረችኝም። ልቤ የሸፈተው ግን ጎልፍ ጂቲአይ ላይ ነው፣ አምስተኛው ትውልድ። 2.0 ቱርቦ፣ 200 የፈረስ ጉልበት፣ ከ1,800 ዙር ጀምሮ 280 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ጉልበት። አዳማ ራሷ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። አሰላ ደግሞ ከ2,400 ይበልጣል። ቱርቦ የሌለው ትንሽ ሞተር እዚያ ዳገት ላይ አየር ሲያጥረው በየወሩ አየዋለሁ፤ ወላጆቼ አሰላ ናቸው።

አሁን ሁለት መኪና አግኝቻለሁ። ሁለቱም 2007 ሞዴል ናቸው።

አንዱ እዚሁ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። ካምቢዮው ዲኤስጂ ነው፣ ፍሪሲዮን ፔዳል የሌለው፣ ማርሹን ራሱ የሚቀይር፤ 148 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ። ያስገባው ዲፕሎማት ነው፣ የአሁኑ ባለቤት ሦስተኛ ነው። ሁለተኛው አዲስ አበባ ነው ያለው። ባለ ስድስት ማርሽ ማኑዋል፣ 190 ሺህ የሄደ። ፍሪሲዮኑ የሚይዘው ፔዳሉን ለቅቄ ልጨርስ ስል ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ አገር ውስጥ ያለው ያለው ነው። ሁለቱም ካመለጡኝ ሦስተኛ የማገኝ አይመስለኝም።

ዲኤስጂውን ባለፈው ሳምንት ሞከርኩት። በፍጥነት መንገዱ እስከ ሞጆ ደርሼ ተመለስኩ። ደስ ሲል! ማርሽ ሲቀየር አይሰማህም፣ ጉልበቱ አይቋረጥም። ከተማ ስገባ ግን ፀሐዩ ከሮ ነበር። ፖስታ ቤት አካባቢ በባጃጅ መሃል እየቆምኩ እየተነሳሁ ሄድኩ። ያኔ፣ ስነሳና ወደ ሁለተኛ ሲገባ ተንቀጠቀጠ። ሻጩ «የዲኤስጂ ጠባዩ ነው» አለኝ። እውነት ነው?

ሌላም ነገር አለ። ይፍጠን፣ እሺ። ግን ማርሹን እኔ ካልቀየርኩት ነዳሁ ማለት እችላለሁ? ይሄን ከልቤ ነው የምጠይቀው።

ፍሪሲዮን (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ 19 ዓመት ጋራዥ ውስጥ ነኝ። «ጠባዩ ነው» የሚል ሻጭ አትመን። ደህና ዲኤስጂ አይንቀጠቀጥም።

መጀመሪያ የትኛው ዲኤስጂ እንደሆነ እንለይ። ባለ ስድስት ማርሹ በፈረንጆች 2003 ጎልፍ አር32 ላይ የወጣው ነው። ፍሪሲዮኖቹ ዘይት ውስጥ ይሠራሉ። ባለ ሰባቱ በ2008 መጣ። እሱ ደረቅ ነው፣ የሚችለውም እስከ 250 ኒውተን ሜትር ነው። የዲኤስጂን ስም በብዛት ያጎደፈው ደረቁ ነው። ያንተ ሞተር 280 ስለሚሰጥ ባለ ስድስቱ፣ እርጥቡ ነው የተገጠመለት። በዚህ ደስ ይበልህ።

አሠራሩን ልንገርህ፣ ምን እንደምትፈትሽ የሚገባህ ያኔ ነው። ሁለት ፍሪሲዮን አለው። አንዱ 1ን፣ 3ን፣ 5ንና የኋላ ማርሽን ይይዛል። ሌላው 2ን፣ 4ንና 6ን። በሁለተኛ እየሄድክ ሳለህ ሦስተኛ ከወዲሁ ገብቶ ይጠብቅሃል። አንዱ ፍሪሲዮን ሲለቅ ሌላው በዚያው ቅጽበት ይይዛል። ጉልበቱ የማይቋረጠው ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ የሚያዝዘው ካምቢዮው ውስጥ ያለው ሜካትሮኒክ የሚባለው ክፍል ነው፣ ኮምፒውተሩና የዘይት ቫልቮቹ አንድ ላይ ያሉበት።

እንግዲህ ያ ዘይት ፍሪሲዮኑንም ያቀዘቅዛል፣ ቫልቮቹንም ያሠራል። በየ60 ሺህ ኪሎ ሜትር ከነፊልትሮው መቀየር አለበት። 148 ሺህ የሄደ መኪና ሁለት ጊዜ ተቀይሮለት መሆን ነበረበት። ወረቀት ጠይቅ። እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ አንድ ጊዜም አልተቀየረላቸውም። ባለቤቱ የሞተር ዘይት ሲቀይር የካምቢዮውም አብሮ የተቀየረ ይመስለዋል።

ስትፈትሽ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሂድ። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ እንዳይጠብቅህ። ኋላ ማርሽ አስገባ፣ ከዚያ ወደ ዲ መልሰው። ቆይቶ «ጓ» ካለ ጥሩ አይደለም። ከዚያ ቢያንስ 40 ደቂቃ ነድተህ በደንብ ይሙቅ። ችግሩ የሚታየው ሲሞቅ ነው፣ አንተም ያየኸው ያኔ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የማርሽ ምልክቱ ብልጭ ድርግም ካለ ተወው፣ ወደ ቤትህ ሂድ። ቮልስዋገንን በሚያነብ ኮምፒውተር የካምቢዮውን ስህተቶች አስነብብ። ተራው ማንበቢያ የሞተሩን ብቻ ነው የሚያሳይህ።

መንቀጥቀጡ ከአሮጌ ዘይት ከሆነ፣ ዘይት ተቀይሮ ፍሪሲዮኑ በኮምፒውተር እንደገና ሲስተካከል ይጠፋል። ፍሪሲዮኑ ራሱ ካለቀ ግን ዘይት አያድነውም። ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት ይቀየር፣ በኋላ አይደለም።

ማኑዋሉን በተመለከተ፦ ፔዳሉ ሊያልቅ ሲል የሚይዝ ፍሪሲዮን እያለቀ ነው። ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ ቀስ ብለህ እየሄድክ ነዳጁን ሙሉ ርገጥ። ዙሩ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልጨመረ ይንሸራተታል ማለት ነው። ቮላኖው፣ ፍሪሲዮኑ የሚታሰርበት ከባዱ ክብ ብረት፣ ባለ ሁለት ክፍል ነው፣ ውድ ነው። ቆሞ ሲሠራ የሚንኳኳ ድምፅ ካለና ፍሪሲዮን ስትረግጥ ከተቀየረ እሱንም አስበው። ሁለቱን አንድ ላይ ቀይር። ካምቢዮ ሁለቴ አታስወርድ።

የታቦር ጎረቤት (ሀዋሳ)

እኔ ማኑዋሉን ነው የምልህ። ምክንያቴም በራሴ የደረሰ ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት አንዲት ትንሽ የአውሮፓ መኪና ገዛሁ። ፍሪሲዮን ፔዳል የላትም፣ ግን አውቶማቲክም አልነበረችም። ውስጧ ተራ ማኑዋል ካምቢዮ ነው፣ ፍሪሲዮኑን የሚረግጥላት ፖምፓ ነው። ማርሽ በቀየረች ቁጥር ጭንቅላቴ ወደ ፊት ይሄዳል። ያንንስ ለምጄው ነበር። ከዚያ ፖምፓው ተበላሸ። ሶማሌ ተራ ሰው ልኬ አስፈለግኩ፣ የለም። ዱባይ አስፈለግኩ። መኪናዋ ግቢዬ ውስጥ ሰባት ወር ቆመች። ጎማዎቿ ተሰነጣጠቁ። ልጄ «አባዬ፣ መኪናችን ሞታለች?» ብላ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት?

ቢኤምደብሊውም ይህን ዓይነት ሠርቷል። በ2001 ኤም3 ላይ ኤስኤምጂ ሁለት የሚባለው እንደዚሁ ነው፣ ያንኑ ማኑዋል ካምቢዮ በሃይድሮሊክ የሚያንቀሳቅስ። ዛሬ ውጭ አገር ብዙ ባለቤቶች አስፈትተው ወደ ማኑዋል ይለውጡታል። ገበያውም ለማኑዋሉ የበለጠ ይከፍላል። ማኑዋል ፍሪሲዮን ሀዋሳም አዳማም የሚቀይር አታጣም። ሜካትሮኒክ የሚከፍት መካኒክ ግን አዳማ ውስጥ ስንት አለ?

ፍሪሲዮን (አዲስ አበባ)

የታቦር ጎረቤት፣ ያሳለፍከው ያሳዝናል፣ ግን ሁለቱን አንቀላቅል። ያንተዋ አንድ ፍሪሲዮን ነው ያላት፣ ማርሽ ሲቀየር ጉልበት የግድ ይቋረጣል። ዲኤስጂ ሌላ ነገር ነው። ስለ መካኒክ ያልከው ግን ትክክል ነው። የሚገዛው ሰው አዲስ አበባ ድረስ ሊያመጣው መዘጋጀት አለበት።

ሞጆ መውጫ (አዳማ)

እኔ ዲኤስጂ ከያዝኩ አራተኛ ዓመቴ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን አዲስ አበባ ደርሼ እመለሳለሁ። አንድ ጊዜ ዘይት አስቀይሬያለሁ፣ ሌላ ምንም አልጠየቀኝም።

የአነዳድ ነገር ልጨምርልህ፣ ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ዲኤስጂን እንደ ቪትዝ አትንዳው። ቪትዝ በሰልፍ ውስጥ ቀስ እያለች ስትሳብ የሚሸከምላት ዘይት ነው። ዲኤስጂ ግን ቀስ ሲል ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ እያፋተገ ነው። አዳማ ሙቀት ውስጥ ይሄ ከባድ ነው። ፊትህ ያለው ባጃጅ ይሂድ፣ ክፍተት ይፈጠር፣ ከዚያ አንዴ ተነስ። ዳገት ላይ ደግሞ በነዳጅ ይዘህ አትቁም። ፍሬን ርገጥ። ፍሬን ስትረግጥ ፍሪሲዮኑ ይለቃል፣ ያርፋል።

«ነዳሁ ማለት እችላለሁ?» ላልከው፦ ወደ አሰላ ስትሄድ መሪው ላይ ባሉት መቀየሪያዎች ራስህ ቀይረው። ያኔ መልሱን ታገኛለህ።

የኤንትሬ ልጅ (አዳማ)

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ያላችሁኝን ሁሉ አድርጌያለሁ።

የዘይት ወረቀት ጠየቅኩ። የለም። ሻጩ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ «እኔ ስገዛውም አልነበረም» አለ። በዚህ አልፈርድበትም፣ እውነቱን ነው የነገረኝ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነሳነው። አር ገባ፣ ዲ ገባ፣ ምንም ድምፅ የለም። ሻጩ አጠገቤ ተቀምጦ ወደ አሰላ ወጣን።

መንገዱን የማታውቁት ካላችሁ፣ ከአዳማ ወደ አዋሽ ትወርዳለህ፣ ከዚያ በዴራ በኩል እየወጣህ ኢተያ ትደርሳለህ። ከዴራ በኋላ ማርሹን እኔው በእጄ ያዝኩት። ከፊቴ ጭነት የያዘ አይሱዙ ነበር። ለመቅደም ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ቀነስኩ። በዚያች ቅጽበት ሞተሩ ራሱ ዙሩን ከፍ አደረገ፣ «ቩም» አለ፣ ከዚያ ሦስተኛ ገባ። አልነካሁትም። ነዳጅ የሰጠው ራሱ ነው።

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። አባቴ በሁለቱ እርግጫ መሃል ለኤንትሬ ይሰጣት የነበረው ነዳጅ ነው። ከ30 ዓመት በላይ ሆኖኛል ካልሰማሁት። አይሱዙውን ካለፍኩ በኋላ መቀደም ሳያስፈልገኝ ደጋግሜ ማርሽ ቀነስኩ። ሻጩ ምን እንደነካኝ አልገባውም።

ግን ኢተያ ከተማ ውስጥ፣ ሞቆ፣ በጋሪ መሃል ስነሳ መንቀጥቀጡ ተመለሰ።

ማኑዋሉንም ሳላየው አልቀረሁም። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አዲስ አበባ ወጣሁ። አራተኛ ላይ ነዳጁን ስረግጥ ዙሩ ወጣ፣ መኪናው ባለበት ቀረ። ሁለተኛ ማርሽም ሲገባ ይከረከራል። ሻጩ ግን አንድ ብር አልቀንስም አለ። ማርሹን በእጄ መያዙ በጣም ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ቮላኖ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ ማስከፈት፣ ይህን ሁሉ ጨምሬ ስደምረው አቅሜ አልቻለም።

ስለዚህ ከፍራንኮው ሰውዬ ጋር ተነጋገርን። ዘይቱ አዲስ አበባ ይቀየር፣ ግማሹን እሱ ግማሹን እኔ እንክፈል፣ መንቀጥቀጡ ካልጠፋ አልገዛም። ተስማማ። የወጣው ዘይት ጥቁር ነበር፣ የተቃጠለ ይሸታል። መካኒኩ የሞላው ለዲኤስጂ የተሠራውን ዘይት ነው። ልኩን ያየው ደግሞ ሞተሩ እየሠራ፣ የካምቢዮው ዘይት ከ35 እስከ 45 ዲግሪ መሃል ሳለ ነው። ከዚያ በኮምፒውተር አስተካከለው። ለመመለስ ሆን ብዬ ቀትር ላይ አዳማ ገባሁ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ አንድ ሰዓት ዞርኩ። አልተንቀጠቀጠም። በማግሥቱም ደገምኩት። ሊብሬው አሁን በእኔ ስም ነው።

ባለፈው እሑድ አሰላ ሄጄ አባቴን ይዤው ወጣሁ። ዓይኑ ደክሟል፣ ጆሮው ግን ደህና ነው። ወደ ኢተያ ስንወርድ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ፣ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ቀነስኩለት። ዝም ብሎ ቆየና ወደ እግሬ ጎንበስ አለ። «ፍሪሲዮኑን ማን ረገጠው?» አለኝ። አስረዳሁት። «እንደገና አድርገው» አለ።

ፍሪሲዮን (አዲስ አበባ)

እንኳን ደስ አለህ። አባትህን ሰላም በልልኝ። ግን ካምቢዮው ላይ ብቻ ዓይንህን አትጣል። የዚህ ሞተር ከፍተኛ ግፊት ያለው የቤንዚን ፖምፓ የሚገፋው በአንዲት ትንሽ ኩባያ በመሰለች ብረት ነው፣ ካም ፎሎወር ትባላለች። ስታልቅ ተበስታ የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተውን ካምሻፍት ይዛ ትጠፋለች። ርካሽ ናት፣ ለመፍታትም ብዙ ጊዜ አይወስድም። አስፈትተህ አይተሃታል? የታይሚንግ ቺንጋውስ መቼ ነው የተቀየረው?

የኤንትሬ ልጅ (አዳማ)

ቺንጋው ከሁለት ዓመት በፊት ተቀይሯል፣ የዚህ ደረሰኝ አለ። ብረቷን ግን አላየኋትም ጋሼ። ሐሙስ ጋራዥዎ ይዤው ልምጣ?

ፍሪሲዮን (አዲስ አበባ)

ሐሙስ ጠዋት ና። ቀዝቅዞ እንዲያድር ማታውኑ ብታመጣው ይሻላል።