ወደ ሾንኬ ለሚሄድ እንግዳ ምን ትመክራላችሁ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። በከሚሴ በኩል ያለችውን የአርጎባዎች መንደር ሾንኬን ለማየት አስቤአለሁ። ነዋሪዎቹ ሃይማኖታቸውን አጥብቀው የሚይዙ ሙስሊሞች በመሆናቸው፣ ሳላውቅ እንዳላስቀይማቸው ምን ልጠንቀቅ?

መልስ 1፦ ወአለይኩም ሰላም። በኮረብታው አናት ላይ ተደጋግፈው የቆሙት የድንጋይ ቤቶች ከዓለቱ ስለማይለዩ፣ እኔ አቀበቱን በእግር ወጥቼ ደጃፉ እስክደርስ ድረስ መንደሩን አላየሁትም ነበር። ጫማዎን ደጅ ያውልቁ፤ ሴቶችን ሳያስፈቅዱ ፎቶ አያንሱ።

መልስ 2፦ ታላቁ ዓሊም (የእስልምና ሊቅ) ሸህ ጀውሀር ያስተማሩበት ስፍራ ስለሆነ በአክብሮት ይግቡ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ቋንቋው ነው፤ አርጎብኛ በብዙ ቦታ በአማርኛና በኦሮምኛ ሲተካ፣ በሾንኬና በጦለሃ መንደሮች ግን ዛሬም የቤት ቋንቋ ነውና፣ እባክዎ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው ያዳምጡት።