ከቆራሌ ያዳንኩት የባቡር ዕቃ አልፈታ አለኝ

ሰላም ወገኖች፣ ድሬዳዋ ነው ያለሁት። አያቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በምድር ባቡር ጥገና ክፍል ነው። ሰሞኑን ከአንድ ቆራሌ ላይ የነሐስ የግፊት መለኪያ ገዛሁ። ሊቀልጥ ነበር! ፈረንሳይኛ ተጽፎበታል፤ የእንፋሎት ባቡር ዕቃ ይመስለኛል። ሐዲዱ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። በ1940ዎቹ የናፍጣ ባቡር ሲመጣ ግን እንፋሎቶቹ ቀስ በቀስ ተገለሉ።

የቸገረኝ መስታወቱን የያዘው ቀለበት ነው። ዘይት አፍስሼበት ሦስት ቀን ጠበቅሁ፤ ወይ ፍንክች! በመዶሻ እንዳልመታው ፈራሁ። በእሳት ባሞቀው ደግሞ የውስጡ ቀጭን ቱቦ ብየዳ ይለቅ ይሆን? በአሸዋ ወረቀት ካሸሁት ጽሑፉ ይጠፋል።

እዚያ የሠራችሁ አባቶች፣ ልጆቻቸውም ብትሆኑ፣ እባካችሁ አፈታቱን ንገሩኝ። የየትኛው ባቡር እንደሆነ የሚለይልኝ ካለማ እንዴት ደስ ባለኝ!