የዕቅድ ውይይት፦ ስለ ሁለቱ ቀን ለአስተዳደሩ የሚላከው የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ፣ ሰኞ 3፡20
ረቂቁ ይኸው። ሐሙስ ማታ ካልተላከ አስተዳደሩ የራሱን መመሪያ ያወጣል። ያለፈው እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ አልደግመውም።
«የቤት ሥራን በሚመለከት ከሠራተኞች ማኅበር የቀረበ የጋራ ሐሳብ። 1ኛ፣ ሥራው የሚፈቅድለት ሠራተኛ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤቱ ይሥራ። 2ኛ፣ ቀኖቹን ክፍሉ ይምረጥ። 3ኛ፣ ምዘናው በሰዓት ሳይሆን በተሠራው ሥራ ይሁን። 4ኛ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ስልክ አይደወል።»
የሚጨመር ካለ ጨምሩ። የምትቀንሱ ምክንያቱን ጻፉ።

ሶፍትዌር ክፍል፣ 3፡41
ማስረጃ ይግባበት። በስሜት ጻፉት እንዳይሉን። ሲትሪፕ የሚባለው የቻይና የጉዞ ወኪል በፈረንጆቹ 2010 መጨረሻ የስልክ ሠራተኞቹን ለሁለት ከፈለ። ፈቃደኛ ከሆኑት ልደቱ ጥንድ ቁጥር ቀን ላይ የዋለው ቤት፣ ጎዶሎ ላይ የዋለው ቢሮ። ዘጠኝ ወር ሠሩ። ቤት የነበሩት ሥራቸው በ13 በመቶ ጨመረ፣ ሥራ የሚለቀውም በግማሽ ቀነሰ። ጥናቱ የስታንፎርዱ የኒኮላስ ብሉምና የባልደረቦቹ ነው። ማጠቃለያውን እኔ እጽፈዋለሁ። ነገ ጠዋት ይደርሳችኋል።

ሒሳብ ክፍል፣ 4፡05
ሌላውንም ጻፈው እንጂ ልጄ። ሙከራው አልቆ ምርጫ ሲሰጣቸው ግማሽ ያህሉ ወደ ቢሮ ተመለሱ። ብቸኝነቱ ከበዳቸው። እድገት ላይም ቢሆን የሥራቸውን ያህል አላገኙም። አለቃ የሚያስታውሰው ያየውን ነው።

ሶፍትዌር ክፍል፣ 4፡11
ለዚያ እኮ ነው ጋሼ ሁለት ቀን ብቻ የተባለው። ብሉም እዚያው ኩባንያ ተመልሰው 1,612 ሠራተኞች ላይ ያጠኑት በ2024 ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጥቷል። ሁለት ቀን ቤት፣ ሦስት ቀን ቢሮ። የሚለቀው ሰው በሲሶ ቀነሰ። ምዘናውም እድገቱም ምንም አልሆነ።

ሰነድ ክፍል፣ 4፡30
ይዘቱን ገና አላነበብኩም። ርዕሱ ላይ ቆሜ ቀረሁ። «የቤት ሥራ» ተብሎ ለአስተዳደር ይላካል? ሲከፍቱት መልመጃ ስንት፣ ገጽ ስንት ብለው ነው የሚፈልጉት። ይቀየር።

ደንበኞች አገልግሎት፣ 4፡34
እውነቷን ነው። እኛው ቢሮ ከቤት መሥራት በተሞከረበት ወር ለልጄ «ዛሬ የቤት ሥራ ላይ ነኝ» ስለው «አንቺም አልጨረስሽም እንዴ?» ነው ያለኝ።

ሶፍትዌር ክፍል፣ 4፡36
«ከቤት መሥራት» በሉትና እንለፍ።

ሰነድ ክፍል፣ 4፡52
አናልፍም። ችግሩ ያለው «ከቤት» የሚለው ላይ ነው። ሥራ በእኛ ቋንቋ የሚገባበት ነገር ነው። «ሥራ ገባህ?» እንላለን፣ «ከሥራ ወጣሁ» እንላለን። ቤት ደግሞ የሚዋልበት ነው። «ዛሬ ቤት ነው የዋለው» ከተባለ ሰውየው ወይ አሞታል ወይ ሥራ ፈትቷል። አስተዳደሩ «ከቤት» የሚለውን ሲያነብ ፒጃማ ነው የሚታየው። ሁለት ቀን ቤት እንዋል ብለን የፈረምን ነው የሚመስለው።

ሒሳብ ክፍል፣ 4፡58
ይህቺ ነገር እውነት አላት። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ይሄን ያወጣው ግን መልአክ አይመስለኝም።

ሶፍትዌር ክፍል፣ 5፡01
እሺ። «የርቀት ሥራ»።

ደንበኞች አገልግሎት፣ 5፡03
የርቀት ትምህርት መሰለ። ስንጨርስ ሰርተፍኬት አለው?

ሰብሳቢ፣ 5፡15
ርቀት ስንልስ ከስንት ሜትር ጀምሮ ነው? ከቢሮው አጥር ጀርባ የሚኖር አባል አለን። እሱ ምን ርቀት አለው?

ጸሐፊ፣ 5፡17
ረቂቁ አራት ነጥብ አለው።

ሰነድ ክፍል፣ 5፡40
ስም ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አሜሪካዊው ጃክ ኒልስ በፈረንጆቹ 1973 «ቴሌኮሚዩቲንግ» የሚለውን ቃል ሲያወጣ ቤት የሚል ነገር የለበትም። የሚጠራው መንገዱን ነው፤ «ኮሚዩቲንግ» ማለት ወደ ሥራ መመላለስ ነው። የሰውየው ጭንቀት የመኪና መጨናነቅና የሚባክነው ነዳጅ ነበር። ሰው ወደ ሥራ ከሚሄድ ሥራው ወደ ሰው ይሂድ ነው ነገሩ። እንዲያውም መጀመሪያ ያሰበው ለሠራተኛው መኖሪያ ቀረብ የሚሉ ትንንሽ ቢሮዎችን ነው።

ሶፍትዌር ክፍል፣ 5፡44
ይሄ ሁሉ ተጽፎ ስለ ሁለቱ ቀን ያነሣ የለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ሁለቱን ቀን ካልፈለግሽ በግልጽ ተናገሪ። ሁሉ ሰው የአንቺን ቀይ እስክሪብቶ የሚጠብቅ ተማሪ አይደለም።

ሰነድ ክፍል፣ 5፡50
ያለፈውን ደብዳቤ ማን አረመው? «በትህትና እናስጠነቅቃለን» ብላችሁ ልትልኩት ነበር። በሉ እንደፈለጋችሁ አድርጉት። ከዚህ በኋላ አልጽፍም።

መጋዘን፣ 6፡20
ከጠዋት ጀምሮ ዝም ብዬ እያነበብኩ ነው። እኔ ካርቶኑን ቤት ይዤ ልሂድ? «ሥራው የሚፈቅድለት» የምትለዋ ቃል እኔን በር ላይ አስቀርታኛለች። የእኔ ጉዳይ የጣት አሻራ ማሽኑ ነው። ካርቶን ሲያሻሽ የኖረ ጣት አይነበብም። በየጠዋቱ ሰው ከኋላዬ ተሰልፎ አውራ ጣቴን ሱሪዬ ላይ እጠርጋለሁ፣ እፍ እልበታለሁ፣ እጫናለሁ። «እባክዎ ድጋሚ ይሞክሩ» ይለኛል። አምስተኛው ላይ ሲቀበለኝ ሰዓቱ አልፏል። አርፍዷል ተብሎ ይቆረጥብኛል። እናንተ ቤት ስትሆኑ ያ ማሽን ለማን ሊቀር ነው?

ጸሐፊ፣ 6፡24
3ኛው ነጥብ እኮ እሱን ነው የሚለው።

መጋዘን፣ 6፡26
3ኛው «በተሠራው ሥራ» ነው የሚለው። የእኔን ሸክም ማን ቁጭ ብሎ ይቆጥረዋል?

ሰብሳቢ፣ ማክሰኞ 2፡50
ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከሰነድ ክፍሏ እህታችን ጋር በስልክ ተነጋግረናል። ተመልሳለች። አንተም ይቅርታ በልና ይለቅ።

ደንበኞች አገልግሎት፣ 2፡53
ማታ ሦስት ሰዓት? 4ኛውን ነጥብ ገና ሳይጸድቅ ጣሱት።

ሶፍትዌር ክፍል፣ 3፡05
ይቅርታ። ስለ እስክሪብቶው ብቻ።

ሰነድ ክፍል፣ 3፡09
እስክሪብቶዬ ሰማያዊ ነው። «ከቢሮ ውጭ የሚሠራ ሥራ» ይባል። ቤትም የለበት፣ ርቀትም የለበት።

ሰብሳቢ፣ 3፡10
ጸድቋል።

ሒሳብ ክፍል፣ 3፡31
ቆይ፣ ቆይ። በመተዳደሪያ ደንባችን «ከቢሮ ውጭ የሚሠራ ሥራ» ማለት መስክ ነው። መስክ ደግሞ ውሎ አበል አለው። ይሄ ርዕስ ከሄደ አስተዳደሩ የሚያነበው ሁለት ቀን ቤት ተኝተው አበል ጠየቁ ብሎ ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ ደብዳቤውን ከነፖስታው ይመልሱታል። አስጠንቅቄያለሁ።

ገበያ ጥናት፣ 3፡35
ርዕሱን እደግፋለሁ።

ሕትመት፣ 3፡36
እደግፋለሁ። አበሉ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚታሰበው?

ግዥ፣ 3፡38
እደግፋለሁ።

ሒሳብ ክፍል፣ 3፡40
እኔ ያልኩት ተቃራኒውን ነው!

ደንበኞች አገልግሎት፣ 3፡55
ጋሼ ይባርክዎት፣ ዓይናችንን ከፈቱልን። አበሉ እንኳ ቢቀር ወጪው አይቅር። በሙከራው ወር ኢንተርኔቱ የእኔ፣ መብራቱ የእኔ። ጠረጴዛ የለኝም፤ ላፕቶፑን ልብስ መተኮሻው ላይ ነበር የማደርገው። ቁመቱ ልክ ነው፣ ስደገፈው ግን ይታጠፋል። አንድ ቀን ደንበኛ እያናገርኩ ከነላፕቶፑ ይዞኝ ወደቀ። «ሀሎ? ምንድን ነው እሱ?» አለኝ። «ሲስተም ወድቆ ነው» አልኩት። ፖርቱጋል በ2021 ባወጣችው ሕግ ከርቀት የሚሠራ ሰው የሚጨመርበትን ወጪ አሠሪው ነው የሚችለው። በእረፍት ሰዓቱም አሠሪው እንዳይደውልበት ያግዳል። እኛ ከማን አንሰን?

መጋዘን፣ 4፡10
ቤት ለሚቀመጥ ወንበር ከተገዛ፣ እዚህ ቆሞ ለሚውለውስ?

ደንበኞች አገልግሎት፣ 4፡12
ለእርስዎም ይገዛ ጋሼ። ወንበር ለሁሉም።

ግዥ፣ 4፡15
ወንበር ከሆነ ጀርባ የሚደግፈውን አድርጉት። የአሁኖቹ መንኮራኩራቸው ወልቋል። በኋላ ተገዛ እንዳይባል ከእጀታ ጋር ተብሎ ይጻፍ።

(ስለ እጀታው የተባለውን አልደግመውም፣ ወደ ላይ ወጥታችሁ አንብቡት። አሥራ ስምንት መልስ ነው። ጸሐፊ።)

አዲስ ተቀጣሪ፣ 7፡30
መጻፍ አልፈለግኩም ነበር። እኔ አምስቱንም ቀን ቢሮ ብመጣ ደስ ይለኛል። ችግሩ ስመጣ ሰው የለም። ሥራውን የለመድኩት ከሥልጠናው አይደለም። አጠገቤ የምትቀመጠው እህት የተናደደ ደንበኛ ሲጮህባት ድምፅዋን ዝቅ ታደርግና «ቁጥሩን አብረን እናንብበው» ትለዋለች። ሰውየው ቁጥሩን ሲያነብ ንዴቱ ይበርዳል። ይሄን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ሰምቼ ነው። እሷ ቤት ስትሆን የምሰማው የአየር ማቀዝቀዣውን ነው። ቀኖቹን ክፍሉ ይምረጥ ከምንል፣ ሁላችንም የምንገናኝባቸው ቀኖች ይቆረጡ። ባዶ ቢሮ መጥቼ ሌላ ክፍል ካለ ሰው ጋር በቪዲዮ ልሰበሰብ ከሆነ ቤቴ ይሻለኛል።

ጸሐፊ፣ 7፡38
ትልቁ ነጥብ ይሄ ነው። ማይክሮሶፍት ወደ 61,000 የሚጠጉ ሠራተኞቹን ግንኙነት አጥንቶ በ2021 ያወጣው ጥናትም ተመሳሳይ ነው። ሁሉም ከቤት ሲሆን ሰው ከገዛ ክፍሉ ሰዎች ጋር ይቀራረባል፣ ከሌላው ክፍል ጋር ግን ይራራቃል። ሁለቱ ቀን ለሁሉም አንድ ቢሆን ምን ትላላችሁ?

ደንበኞች አገልግሎት፣ 7፡44
ጥሩ ሐሳብ ነው የኔ እህት፣ አጠገብሽ የምቀመጠው እኔው ነኝ መሰለኝ። የወጪው ግን በቀን ነው የሚታሰበው በወር?

ሒሳብ ክፍል፣ 7፡50
በወር ይሻላል። በቀን ከሆነ ለአሠራር አይመችም።

ጸሐፊ፣ ረቡዕ 3፡00
የጥናቱ ማጠቃለያ አልደረሰኝም። «ነገ ጠዋት» የተባለው ትናንት ነበር።

ጸሐፊ፣ ረቡዕ 8፡10
ሶፍትዌር ክፍል? ስልክህም አይነሣም።

ሕትመት፣ 8፡14
አሁን ኦንላይን ነበር።

ሰብሳቢ፣ 9፡30
ትናንት በሌላ ጉዳይ አስተዳደር ቢሮ ገብቼ ነበር። አማዞን ከጥር 2025 ጀምሮ ሠራተኛውን አምስቱንም ቀን ቢሮ አስገባ የሚለው ነገር እዚያም ደርሷል። ያሁ በ2013 ሰበሰበ፣ በርቀት ሥራ ስሙ የሚነሣው አይቢኤም እንኳ በ2017 ብዙ ሠራተኛውን ጠራ እያሉ ነው። ስለዚህ ቋንቋችን ለስለስ ይበል። ረቂቁን እኔ ዛሬ ማታ አስተካክለዋለሁ።

ጸሐፊ፣ 9፡33
ከመላኩ በፊት እንየው።

ሰብሳቢ፣ ሐሙስ 11፡55
ሰዓቱ ስላለቀ ልኬዋለሁ። የሄደው ይሄ ነው።
«ከመደበኛ የሥራ ቦታ ውጭ የሚከናወን ሥራን በሚመለከት። 1ኛ፣ ለሁሉም ሠራተኛ ጀርባ የሚደግፍ፣ እጀታ ያለው ወንበር ይገዛ። 2ኛ፣ የጣት አሻራ ማሽኑ በካርድ ይተካ። 3ኛ፣ አስተዳደሩና ሠራተኛው የኢንተርኔትና የመብራት ወጪ የሚጋራበት መንገድ ይጠና። 4ኛ፣ ሥራው የሚፈቅድለት ሠራተኛ አስተዳደሩ በሚወስነው ቀን ከመደበኛ ቦታው ውጭ ይሥራ።»

ጸሐፊ፣ 11፡58
ሁለቱ ቀንስ?

ሰብሳቢ፣ 12፡02
ቁጥር ከጻፍን ይቀንሱታል ተብሎ ነው። ማን እንዳለው አላስታውስም።

ሒሳብ ክፍል፣ 12፡04
እኔ አላልኩም።

ጸሐፊ፣ 12፡05
«አስተዳደሩ በሚወስነው ቀን» ማለት እኮ ዜሮም ቀን ነው። ስልክ አይደወል የሚለውስ የት ገባ?

ሰብሳቢ፣ 12፡07
ማታ ደውዬ ላስረዳሽ።

መጋዘን፣ 12፡15
ካርዱ በመግባቱ አመሰግናለሁ።

አዲስ ተቀጣሪ፣ 12፡20
ነገ ቢሮ የሚመጣ ሰው አለ?

ሶፍትዌር ክፍል፣ ዓርብ 4፡10
ሰሞኑን ተጣቦብኝ ነበር፣ ይቅርታ። ማጠቃለያው አልቋል። አሥራ አንድ ገጽ ነው። የት ላስገባው?

ሰነድ ክፍል፣ 4፡25
3ኛው ላይ «የሚጋራበት» ሳይሆን «የሚጋሩበት» ነው የሚባለው። ተልኳል እንዴ?