ከራስ ደጀን ሲወርዱ መንገድ ቢዘጋባቸው? ለልቦለዴ ምክር ፈልጌ ነው

የማራኪዋ መምህርት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ነው የምኖረው፤ ማታ ማታ ልቦለድ እጽፋለሁ። ሁለት ተራራ ወጪዎች ከአስጎብኚና ከስካውት (ከፓርኩ ታጣቂ አጃቢ) ጋር ራስ ደጀን ላይ እያሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ይታወጃል፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015። ኢንተርኔት የለም፣ ወደ አዘዞ የሚመጣው አውሮፕላን ቆሟል። የከተማውን ፍርሃት አውቀዋለሁ። ተኩሱ ሲበረታ እናቴ ፍራሹን ከመስኮት ሥር አንስታ ኮሪደር ላይ አነጠፈችልን፤ እዚያው አደርን። ተራራውን ግን ከሳንቃበር ካምፕ አልፌ አላየሁትም። አሁን ባለው ረቂቅ አንደኛው ገመዱ ተበጥሶ ገደል ይገባል። ያነበበ ጓደኛዬ «ይሄ የእኛ ተራራ አይደለም» አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እውነተኛው አደጋ ምንድን ነው?

በቅሎና ጭጋግ፦
እህቴ፣ ገመዱን ተይው። ደጀን 4,550 ሜትር ገደማ ይሁን እንጂ በእግር የሚወጣ ነው፤ እጅ የሚያስፈልገው ጫፉ ላይ ብቻ ነው። በኮንጎ ጫማ የሚወጡ ስካውቶች አሉ። በክረምት ሰው የሚይዘው ውኃው ነው። ከጨነቅ ካምፕ ተነስተሽ የቧሂትን ተራራ ትሻገሪና ወደ መሸሃ ወንዝ ቁልቁል ትወርጃለሽ፤ ከወንዙ ወዲያ ዳገቱ ወደ አምቢቆ መንደር ነው። ሲመለሱም ያው ወንዝ ይጠብቃቸዋል።

አንድ ጊዜ ከሰዓት ሲዘንብ ውሎ ማታ ላይ ደረስን። የፊተኛዋ በቅሎ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ አልገባም አለች። ባለቤቷ አልመታትም፤ ጭነቱን አውርዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ዝም ስንል ከውኃው ሥር ድንጋይ ሲንከባለል ይሰማል። እዚያው አድረን ጠዋት ሲጎድል ተሻገርን።

ሌላው ጠመንጃው ነው። ስካውት መሣሪያ ይዞ ነው የሚሄደው፤ በደህና ጊዜ ማንም ልብ አይለውም። በዚያ ሰሞን ግን በጭጋግ ውስጥ ጠመንጃ የያዘ ሰው ከሩቅ ሲታይ የማን ወገን ነው? ይደብቀው? ያስረክበው? ለማን? ጥሎት አይሄድም። እኔ ብሆን ታሪኩን ሁሉ በዚህ ሰውዬ ላይ አቆመው ነበር።

ነርሷ ከአዘዞ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ከፍታ የያዘው ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፤ ሲብስበት እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። መድኃኒቱ ቶሎ መውረድ ነው። የአንቺ ሰዎች ግን ወንዙ ድረስ ወርደው ቢሻላቸው እንኳ መኪናቸው ያለው ጨነቅ ከሆነ ቧሂትን ለመሻገር እንደገና እስከ 4,200 ሜትር ገደማ ከፍታ መውጣት አለባቸው። መውጫው ሽቅብ ነው።

የደባርቋ እማማ፦
ልጄ፣ የቀረነውንም ጻፊ። ማረፊያ ቤት አለኝ። ተራራ የሚወጣ እንግዳ ትልቁን ሻንጣ እኔ ጋ ትቶ ነው የሚሄደው። በዚያ ክረምት የአንዲት ልጅ ሻንጣ አልጋዬ ሥር ነበር። ሌሊት በተኮሱ ቁጥር እጄን ሰድጄ መኖሩን እዳስሳለሁ፤ እሷን የማገኛት ይመስለኝ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን መጣች፤ ላይ ያሉት ገበሬዎች በሶና ቆሎ እያበሏት ቤት ለቤት አሳድረዋታል። ከየት መጣሽ፣ ከማን ጋር ነሽ ያላት የለም። ከዚያ በኋላ እንግዳ ጠፋ፤ በቅሎውን የሸጠ ስንት አለ። እሱን እንዳትረሺብን።

የማራኪዋ መምህርት፦
እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሻንጣው ይገባል። የገደሉን ምዕራፍ ዛሬ ማታ ሰርዤዋለሁ። በቅሎና ጭጋግ ወንድሜ፣ አንድ ልጠይቅህ፤ ወንዙ ዳር ባደራችሁበት ሌሊት የስካውቱ ጠመንጃ የት አደረ?

በቅሎና ጭጋግ፦
ከጎኑ፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ። ዝናብ እንዳይገባበት አፈሙዙን በፌስታል አስሮት ነበር። እሱ ራሱ እግሩ ውጭ ነው ያደረው።