ለረጅም ርቀት የአጋዘን አደን በትዕዛዝ ለሚሠራ ጠመንጃ የትኛው ጥይት ይሻላል?

ጥያቄ፦ የከዚራ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ኑሮዬ ኮሎራዶ ነው፤ አሁን ለእረፍት ቤተሰብ ጋ መጥቻለሁ። እዚያ አንድ ጠመንጃ ሠሪ በትዕዛዝ ጠመንጃ እየሠራልኝ ነው። ቱቦውን ከመቅደዱ በፊት «በየትኛው ጥይት ልሥራው?» ብሎ መልሴን ይጠብቃል።

የማድነው ሙል ዲር የሚባለውን አጋዘን ነው። አገሩ ገላጣ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ተጠግቶ መተኮስ አይመችም። እስከ 450 ሜትር ድረስ የምተማመንበት እፈልጋለሁ። ጥይት ራሴ አልሞላም፤ ከሱቅ ነው የምገዛው። ተራራ ይዤው ስለምወጣ ከነመነጽሩ 4 ኪሎ አካባቢ ቢሆን ደስ ይለኛል። የቱቦው ርዝመት 22 ኢንች ነው፤ 56 ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ባለቤቴም ልትተኩስበት ትፈልጋለች።

ምክሩ በዛብኝና ግራ ገባኝ። አንዱ 6.5 ክሪድሙር ይለኛል። ሌላው 7 ሚሊ ሜትር ሬሚንግተን ማግነም። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን 7 ፒአርሲ። ጠና ያሉት አዳኞች ደግሞ ከ.308 ዊንቸስተር ንቅንቅ አይሉም። እዚህ ውትድርና ያገለገላችሁ፣ ከአዳኝ ጋር የሠራችሁ፣ ብረት የምታውቁ አላችሁ። እስቲ ምከሩኝ።

መልስ፦ የጀጎል ሰው

እንኳን ለአገርህ አበቃህ ወንድሜ። ውትድርና ላይ ተኳሽ ሳሠለጥን ነው የኖርኩት፤ ከዚያ ተነስቼ ልንገርህ።

ስሙን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ አረሩ አጋዘኑ ጋ ሲደርስ ስንት ፍጥነት ይቀረዋል ብለህ ጠይቅ። የአደን አረር የሚገድለው ገላ ውስጥ ገብቶ ሲከፈት ነው። አብዛኞቹ በደንብ ለመከፈት በሰከንድ 550 ሜትር ገደማ ፍጥነት ይፈልጋሉ። ከዚያ ካነሰ ቀጭን ቀዳዳ በስቶ ሊያልፍ ይችላል። እንስሳውም ቆስሎ ይሄዳል። ብዙ አዳኞች ለአጋዘን 1,350 ጁል ያህል ጉልበት እንደ ዝቅተኛ ልክ ይይዛሉ።

አሁን 6.5 ክሪድሙርን እንየው። 143 ግሬይን (9 ግራም ከምናምን) የሚመዝነው የአደን አረር ከ24 ኢንች ቱቦ በሰከንድ 823 ሜትር ይወጣል። ያንተ ቱቦ በ2 ኢንች ስለሚያጥር 15 ሜትር ገደማ ቀንስለት። 450 ሜትር ላይ በሰከንድ 600 ሜትር አካባቢ ይቀረዋል፤ ጉልበቱም ከ1,600 ጁል በላይ ነው። ስለዚህ ላልከው ርቀት ይበቃል፤ ትርፍም አለው።

የሚያስፈራኝ ንፋሱ ነው። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ንፋስ ይህንን አረር 450 ሜትር ላይ ወደ 37 ሳንቲ ሜትር ይገፋዋል። የተለመደውን ባለ 168 ግሬይን የ.308 አረር ግማሽ ሜትር ገደማ ይወስደዋል። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ስፋቱ 20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ነው። ንፋሱን ካላነበብክ ሁለቱም ይስቱታል። ቀጭንና ረጅም አረር ግን ንፋሱን ስትገምት በትንሹ ብትሳሳት ይምርሃል።

መልስ፦ ሳቢያን ቶርኖ

አቦ፣ ሁሉም ስለ ጥይት ያወራል። እኔ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አክሽኑ ተገዝቷል ወይስ ገና ነው? መቀርቀሪያው የሚመላለስበትን ዋናውን አካል ማለቴ ነው። ከተገዛ ረጅም ነው አጭር? መቀርቀሪያውስ ለየትኛው ቀለህ ነው የተሠራው? ይህ ካልታወቀ የቀረው ወሬ ነው።

የከዚራ ልጅ፦ ተገዝቷል። አጭሩ ነው። መቀርቀሪያው ለ.308 ቤተሰብ ነው ብሎኛል።

ሳቢያን ቶርኖ፦ በቃ፣ ግማሹ ጥያቄ ተመለሰልህ። 7 ሬሚንግተን ማግነምና 7 ፒአርሲ ረጃጅም ጥይቶች ናቸው፤ አጭር አክሽን ውስጥ አይመቹም። ቀለሃቸውም ከታች ወፍራም ስለሆነ ያንተ መቀርቀሪያ አይዘውም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው 6.5 ፒአርሲ በቁመት አጭር አክሽን ውስጥ ይሠራል፤ እሱም ግን ሰፊ መቀርቀሪያ ይፈልጋል። መቀርቀሪያ ለመቀየር ተጨማሪ ገንዘብ ካላወጣህ የቀሩህ 6.5 ክሪድሙር፣ .308፣ 7 ሚሊ ሜትር-08 እና .243 ናቸው። የአራቱም የቀለህ ግርጌ እኩል ነው፤ 12 ሚሊ ሜትር።

ይሄ ደግሞ ጥቅም አለው። ነገ ቱቦው ሲያልቅ ወይም ሐሳብህን ስትቀይር፣ ያንኑ አክሽን ይዘህ ከአራቱ ወደ አንዱ በአዲስ ቱቦ ትሻገራለህ።

መልስ፦ መጋላ 308

እኔ .308 ነው የምለው። ከእ.ኤ.አ. 1952 ጀምሮ የተፈተነ ነው። የቱቦው ዕድሜም ረጅም ነው፤ ብዙ ጊዜ 5,000 ጥይትና ከዚያ በላይ በደህና ይተኩሳል። ክሪድሙር ከ2,500 እስከ 3,000 ላይ መድከም ይጀምራል። በዚያ ላይ ወፍራም አረር ወፍራም ቀዳዳ ነው።

የጀጎል ሰው፦ ስለ ቱቦው ዕድሜ እውነትህን ነው። ልጁ ግን አዳኝ ነው፤ በየሳምንቱ ውድድር አይገባም። ልምምዱን ጨምሮ በዓመት 200 ቢተኩስ እንኳ ከአሥር ዓመት በላይ ይቆየዋል። እስከ 250 ሜትር ብሎ ቢጠይቀኝ .308ን ያለ ክርክር እሰጠው ነበር። 450 ካለ ግን ንፋሱ ይወስናል።

መልስ፦ የጨርጨር ዱካ

እኔ ምዕራብ ሐረርጌ፣ ዲንዲን በኩል ፈቃድ ይዘው ደጋ አጋዘን ከሚያድኑ የውጭ ሰዎች ጋር ዱካ ፈላጊ ሆኜ ሠርቻለሁ። የጥይት ቁጥር ለእናንተ ትቼ ከተኩሱ በኋላ ስለሚመጣው ላውራ።

ሰዎቹ ብዙውን ጊዜ የሚይዙት .300 ማግነምና .375 ነበር። ትልቅ ጠመንጃ ይዘው ሆድ የሚመቱ አይቻለሁ። ሆዱን የተመታ እንስሳ አይወድቅም። ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል። ደሙ ጠብታ ጠብታ ይሆናል፤ ቀጥሎ ይጠፋል። መሽቶ ዝናብ ከመጣ አለቀ። ያ እንስሳ ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድር የሚያውቀው ዱካውን የተከተለ ሰው ነው። ብዙዎቹ እንዲህ የሚስቱት የጠመንጃውን ምት ፈርተው ቃታውን ሲስቡ ዓይናቸውን ስለሚጨፍኑ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ የማትፈራውን ጠመንጃ አሠራ። ሌላም ነገር አለ። 450 ሜትር ለመድረስ አረሩ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። የሚግጥ እንስሳ በዚያ ጊዜ አንድ እርምጃ ይራመዳል። ደረቱ ላይ የተኮስከው ሆዱ ላይ ያርፋል። ቆሞ፣ ጎኑን ሰጥቶህ፣ ተረጋግቶ ካላየኸው አትተኩስ። መቅረብ ከቻልክ ቅረብ። ርቀቱን ለቸገረህ ቀን አቆየው።

መልስ፦ የገንደ ቆሬ እህት

ሰላም ወንድሜ፣ እኔም ድሬ አድጌ ዴንቨር ነው የምኖረው፤ አድናለሁም። ስለ ባለቤትህ ያነሳኸው ነገር ቀላል አይደለም። በእኩል ክብደት ጠመንጃ 6.5 ክሪድሙር ትከሻ የሚመታው ከ.308 ሩብ ያህል ቀንሶ ነው። የ.300 ማግነም ምት ደግሞ ወደ .308 እጥፍ ይጠጋል። 4 ኪሎ ጠመንጃ ላይ ይህ በደንብ ይታወቃል። እኔ ክሪድሙር ስለምጠቀም ልምምድ ቀን ሳልሳቀቅ እተኩሳለሁ፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው።

የኮሎራዶን ሕግ እንዳትረሳ። ለአጋዘን የአረሩ ውፍረት ቢያንስ .24 ኢንች (6 ሚሊ ሜትር)፣ ክብደቱ 70 ግሬይን መሆን አለበት። ኤልክ ለሚባለው ትልቁ ዝርያ 85 ግሬይን ነው። አረሩ የሚከፈት ዓይነት ይሁን፤ ሙሉ በሙሉ በመዳብ የተሸፈነው የወታደር ጥይት ለዚህ አይሆንም። እስካሁን የተጠሩት ሁሉ ሕጉ የሚጠይቀውን ያሟላሉ። ባለቤትህ ደግሞ ፈቃድ ከማውጣቷ በፊት የአዳኝ ትምህርቱን ትውሰድ፤ ከጥር 1 ቀን 1949 ጀምሮ ለተወለደ ሁሉ ግዴታ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።

ከሱቅ የምትገዛ ከሆነ ክሪድሙርና .308 የትም አታጣቸውም። 7 ሚሊ ሜትር-08 በጣም ጥሩ ጥይት ነው፤ ለአጋዘን እወደዋለሁ። መደርደሪያ ላይ ያለው ምርጫ ግን ጥቂት ነው።

መልስ፦ የሐረማያ ፊዚክስ

አንድ ነገር ልጨምር። ፋብሪካዎቹ የሚያወጡት ሰንጠረዥ ብዙውን ጊዜ ለባሕር ጠለል የተሠላ ነው። ሙል ዲር የሚታደንበት የኮሎራዶ ተራራ ብዙው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። 2,400 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አየር ሲሳሳ አረሩን የሚይዘው ነገር ይቀንሳል። ፍጥነቱን ይጠብቃል፣ መውረዱ ይቀንሳል፣ ንፋስም ትንሽ ይቀልለታል። የጀጎል ሰው የሰጠህ ቁጥር እዚያ ተራራ ላይ ይሻሻላል እንጂ አይብስም።

ከድሬዳዋ በደንገጎ አድርገህ ሐረር ስትወጣ ጆሮህ የሚደፈነው በዚሁ የአየር ግፊት ለውጥ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሐረር 1,885። ስለዚህ ስልክህ ላይ የአረሩን አካሄድ በምታሰላበት ማስያ ውስጥ የምታድንበትን ቦታ ግፊትና ሙቀት አስገባ። 100 ሜትር ላይ ልዩነቱ አይታይም። 450 ላይ ግን ይታያል።

የከዚራ ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አክሽኑን ሳላስበው ነበር የምከራከረው። 6.5 ክሪድሙር ብዬ ልነግረው ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንድ ቀን ኤልክ ላድንበት ብልስ? ቱቦው ውስጥ አረሩን የሚያሽከረክረውን ጠመዝማዛስ ምን ልበለው? ሠሪው «በስንት ኢንች አንድ ዙር?» ብሎኛል።

የጨርጨር ዱካ፦ ኤልክ ከደጋ አጋዘናችን ወንድ የማያንስ ሥጋና አጥንት አለው። በዚህ ጥይት ከሆነ ከ250 ሜትር በላይ አትሞክረው። ጠንካራ አረር ያዝ፤ ትከሻ አጥንቱን ትተህ ከኋላው ሳንባውን ፈልግ። ከዚያ በላይ ለመተኮስ ካሰብክ ሌላ ጠመንጃ ያስፈልግሃል።

ሳቢያን ቶርኖ፦ ጠመዝማዛው በ8 ኢንች አንድ ዙር ይሁን። የዚህ ጥይት ልማድም ይኸው ነው። ከ140 ግሬይን በላይ ያለው አረር ረጅም ስለሆነ ፈጠን ያለ ሽክርክሪት ካላገኘ አየር ላይ ይንገዋለላል። አሁን አንድ ሥራ ስጠው። የምታድንበትን ጥይት መርጠህ ሁለት ፓኮ ግዛና ለሠሪው አድርስ። ቱቦው ተበጅቶ ሲያልቅ በዚያው ጥይት ይሞክረው። ቱቦ የራሱ ጠባይ አለውና ካልተስማማው ሌላ ዓይነት አምጣ ይልሃል። አሁኑኑ ደውልለት፤ የእነሱ ቀን የሚጀምረው እኛ ከሰዓት ስንሆን ነው።

የገንደ ቆሬ እህት፦ ስትመለስ ጻፍልኝ። ባለቤትህን የመጀመሪያ ቀን ልምምድ እኔ ልወስዳት እችላለሁ።