ታስክባሬ ላይ 23 አይከን ተደርድሯል፤ እንዴት ላደራጀው?

የኮፒ ቤቷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ፍርድ ቤት አጠገብ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ያለኝ ኮምፒውተር አንድ ነው፤ ዊንዶውስ 10 ነው የተጫነበት። ስክሪኑ ጠባብ ነው። እኔና ረዳቴ እየተፈራረቅን እንሠራበታለን።

ያስቸገረኝ ከሥር ያለው ታስክባር ነው። ትናንት ማታ ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። 23 አይከን አለው። ወርድ፣ ኤክሴል፣ ፎቶሾፕ፣ የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ፣ የስካነሩ፣ ቴሌግራም፣ ሁለት ብሮውዘር፣ ሁለት ዓይነት ፒዲኤፍ ማንበቢያ፣ ካልኩሌተር... ሌሎቹን አንዳንዱን እኔ፣ አንዳንዱን ረዳቴ፣ አንዳንዱን ኮምፒውተሩን ፎርማት ያደረገልን ልጅ ነው ያስቀመጠው። ወርድ ላይ ሦስት አራት ፋይል ስከፍት ደግሞ የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም።

ጠዋት ሰው ሲሰለፍ ነው የሚብሰው። አንዱ ክስ ያስጽፋል፣ አንዱ ጉርድ ፎቶ ይፈልጋል፣ ሌላው ፍላሹን ዘርግቶ ቆሟል። ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ማስረጃቸውን ስካን ሊያስደርጉ መጡ። ቀጠሯቸው ለሦስት ሰዓት ነበር። የስካነሩን አይከን ስፈልግ አጠገቡ ያለውን ፎቶሾፕ ተጫንኩት። እሱ እስኪከፈት ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ። እሳቸው ምንም አላሉኝም፤ ሰዓታቸውን ብቻ ያዩ ነበር። ያን ቀን በጣም አዘንኩ።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። አይከኑን ከታስክባር ባነሳው ፕሮግራሙ ይጠፋል? ደግሞስ የፎቶውን ለብቻ፣ የጽሕፈቱን ለብቻ አድርጎ እንደ ፎልደር መሰብሰብ ይቻላል?

ጥገና ላይ ነኝ፦

እህቴ፣ አትስጊ። ፕሮግራሙ ያለው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነው። ራይት ክሊክ አድርገሽ አንፒን (ከታስክባር አንሳ) ስትይው የሚነሳው ምልክቱ ብቻ ነው። ስታርት ሜኑ ላይ ስሙን ጽፈሽ ሁሌም ታገኚዋለሽ።

ሁለተኛው ጥያቄሽም ይቻላል። ዶክመንትስ ውስጥ አንድ ፎልደር ክፈቺና "ሥራ" በይው። በውስጡ "ጽሕፈት"፣ "ፎቶ"፣ "ስካን" የሚሉ ፎልደሮች አድርጊ። የየፕሮግራሙን ሾርትከት (መክፈቻ ምልክቱን) በየቦታው አስገቢ። ዴስክቶፕ ላይ ሾርትከት የሌለው ፕሮግራም ካለ ከስታርት ሜኑ በማውስ ጎትተሽ ዴስክቶፕ ላይ ጣይው፤ ሾርትከት ይፈጥርልሻል።

ከዚያ ታስክባሩ ባዶ ቦታ ላይ ራይት ክሊክ፣ ቱልባርስ፣ ኒው ቱልባር ብለሽ "ሥራ"ን ምረጪ። ሰዓቱ አጠገብ "ሥራ" የሚል ቃልና ሁለት ትንንሽ ቀስት ይመጣል። ቀስቱን ስትነኪው ዝርዝሩ ወደ ላይ ይከፈታል። ማውሱን "ፎቶ" ላይ ስታሳርፊ የፎቶ ፕሮግራሞችሽ በጎን ይወጣሉ። 23ቱም እዚያ ቢገቡ ታስክባሩ ላይ የሚይዙት የአንድ ቃል ቦታ ነው።

የፍለጋ ሳጥኑንም አንሺው፤ ብዙ ቦታ የሚበላው እሱ ነው። እዚያው ራይት ክሊክ፣ ሰርች፣ ሂደን። የዊንዶውስ ቁልፍን ነክተሽ ዝም ብለሽ መጻፍ ብትጀምሪ ፍለጋው ራሱ ይመጣል።

ፒችትሪና ኤክሴል፦

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ እኔ ግን ሁሉንም አይሰብስቡት እላለሁ። ደንበኛ ፊትዎ ቆሞ የሚከፍቷቸውን ታስክባሩ ላይ ይተዉ። ሌላውን ብቻ ወደ ፎልደሩ ይላኩ።

የተዉትንም በሥራዎ ቅደም ተከተል ይደርድሩ። አይከኑን ይዘው መጎተት ነው። ለምን መሰለዎት? የዊንዶውስ ቁልፍን ይዘው 1 ሲጫኑ ከግራ የመጀመሪያው ይከፈታል፣ 2 ሲሉ ሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ እስከ 9። 0 ደግሞ አሥረኛው ነው። እኔ 1 ላይ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ፣ 2 ላይ ኤክሴል ነው ያለኝ። የወር መዝጊያ ሰሞን እጄ ከኪቦርዱ አይነሳም። እርስዎም ስካነሩን 3 ላይ ቢያደርጉት ዓይንዎ አይፈልገውም፤ ጣትዎ ያውቀዋል። ቦታውን ግን አይቀያይሩት። ረዳትዎም እንዳይቀይሩት ይንገሯቸው፤ ዋናው እሱ ነው።

ሌላ አንድ ነገር። ወርድ አይከን ላይ ራይት ክሊክ ሲያደርጉ በቅርብ የከፈቷቸው ፋይሎች ይዘረዘራሉ። ፋይሉ ስም አጠገብ የመርፌ ምልክት አለ። የክስ ማመልከቻ ፎርማትዎን በእሱ ቢያጸኑት ከዝርዝሩ አይወርድም። ፎርማቱን ግን ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብተው ሪድ ኦንሊ (የሚነበብ ብቻ) ያድርጉት። አለዚያ የአንዱ ደንበኛ ስም ፎርማቱ ላይ ሴቭ ይሆንና ለሌላው ሊታተም ይችላል። የሰው ጉዳይ ስለሆነ ይጠንቀቁበት።

የኮፒ ቤቷ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። "ሥራ" የሚለው መጣልኝ! ግን በቀኝ ጥግ ተቀምጧል። ወደ ግራ ልስበው ብል አልንቀሳቀስ አለ።

ጥገና ላይ ነኝ፦

ታስክባሩ ተቆልፎ ነው። ራይት ክሊክ አድርጊና "ሎክ ዘ ታስክባር" ከሚለው ላይ ራይት ምልክቱን አንሺ። በጎኑ ሁለት ቀጭን መስመር ይወጣል፤ እሱን ይዘሽ ጎትቺ። ስትጨርሺ መልሰሽ ቆልፊው፤ አለዚያ በሥራ መሃል እጅ ነክቶት ይዛባል።

ወደ 11 የተሻገርኩ፦

አንድ ነገር ልጨምር፣ በኋላ እንዳትደነግጪ። ዊንዶውስ 11 ላይ ይህ ቱልባር የሚባለው የለም። ሲያሻግሩሽ "ሥራ" ከታስክባሩ ይጠፋል። ፎልደሩ ግን ዶክመንትስ ውስጥ ይኖራል፣ ልፋትሽ አይባክንም። ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያው በጥቅምት 2025 ስለቆመ፣ የሰው ፍላሽ ቀኑን ሙሉ የሚሰካበት ኮምፒውተር ላይ ብዙ ባታቆዪው ጥሩ ነው።

እኔ ያደረግኩት ይኼ ነው። የፎልደሩን ሾርትከት ዴስክቶፕ ላይ አወጣሁ። ፕሮፐርቲስ ውስጥ ታርጌት በሚለው ቦታ፣ ከአድራሻው በፊት ኤክስፕሎረር የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩና አንድ ክፍት ቦታ ተውኩ። ያኔ ታስክባር ላይ ፒን ማድረግ ተቻለ። እንደ ድሮው ወደ ላይ ዝርዝር አያወጣም፤ ፎልደሩን ራሱን ይከፍታል። ቢሆንም ያገለግላል።

የኮፒ ቤቷ፦

ቅዳሜ ከሰዓት ከረዳቴ ጋር ተቀምጠን ጨረስነው። ታስክባሩ ላይ የቀሩት ሰባት ናቸው። ወርድ 1፣ ፓወር ግዕዝ 2፣ ስካነሩ 3፣ ፎቶሾፕ 4፣ ከዚያ ብሮውዘር፣ ቴሌግራምና ካልኩሌተር። ቴሌግራምን ልናነሳው ነበር፤ ረዳቴ ግን ደንበኛ ፋይሉን የሚልከው በእሱ ነው ብላ ተከራከረችኝ። ልክ ነች፣ ተውነው። ከሁለቱ ፒዲኤፍ ማንበቢያ አንዱን ጨርሶ አጠፋነው።

ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፌ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጥፌያለሁ። ዛሬ ጠዋት ረዳቴ ወረቀቱን ሳታይ 3 ተጫነችና ስካነሩ ተከፈተ። የ11ዱን ነገር ደግሞ ኮምፒውተሩን ፎርማት ያደረገልንን ልጅ በዚህ ሳምንት እጠይቀዋለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።